ዓርብ ከሰዓት ወደ ጎርጎራ

ዓርብ ከሰዓት ውጡ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከጎንደር ተነሥቶ፣ ለምሳ ጎርጎራ ደርሶ፣ እሑድ ከቁርስ በኋላ የሚመለስ ሰው ጣናን አየ አይባልም። የተከረከመ ሣር ያያል፣ ዓሣ ይበላል፣ ከሰዓቱን ነፋስ ሲያንገላታው ውሎ ይመለሳል። ሐይቁ የጠዋት ነው። ከንጋት እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ጸጥ ብሎ የሚተኛው ውሃ ከምሳ በኋላ ሌላ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ የዕረፍታችሁን ርዝመት በሌሊት ሳይሆን በጠዋት ቁጠሩት። ዓርብ ማታ የገባ ሁለት ጠዋት አለው፤ ቅዳሜ የገባ አንድ ብቻ፣ እርሱንም በእንቅልፍ ካላሳለፈው።

እኔ ይህን የተማርኩት እናቴን አስፈርቼ ነው። ከዓመታት በፊት ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰባት ሆነን፣ ሁለት ላይፍ ጃኬት ብቻ በያዘች ጀልባ ወጣን። ስንነሣ ውሃው የተረጋጋ መስሎን ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማዕበሉ ጀልባዋን ከፊት እያነሣ ይጥላት ጀመር። እናቴ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፤ እኔ ዋና እንደማትችል የማውቅ ልጇ አጠገቧ ተቀምጬ የማደርገው ጠፋኝ። በሰላም ተመለስን። ግን እርሷ ከዚያ በኋላ ጀልባ ላይ አልወጣችም። ጠዋት ወስጃት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ የምታወራው ደስታ በሆነ ነበር። ይህን መመሪያ የምጽፈው የእናንተ እናት ያን እንዳታይ ነው።

ነፋሱ ከሰዓት የሚነሣበት ምክንያት

ጣና ሰፊ ነው፤ ጥልቅ ግን አይደለም። የሚሸፍነው ቦታ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን እጅግ በሚጠልቅበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ቀን ላይ ፀሐይ የደምቢያን ሜዳ ስታግለው በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይነሣል። እርሱ የለቀቀውን ቦታ ለመያዝ ቀዝቀዝ ያለው የሐይቅ አየር ወደ ዳር ይነፍሳል። ጎርጎራ በሰሜኑ ዳርቻ ስለሆነች ነፋሱ የሚደርሳት በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ውሃ አቋርጦ፣ በመንገዱ ማዕበል እየሰበሰበ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ደግሞ ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባን የሚያስጨንቀው እንዲህ ያለው ነው። ማታ ምድሩ ሲበርድ ነገሩ ይረግባል፤ ጠዋት ሐይቁ ተመልሶ ይተኛል። ዓሣ አጥማጆቹ በሌሊት ወጥተው ማለዳ የሚመለሱት፣ ወፎቹም በብዛት የሚታዩት በዚሁ ሰዓት ነው። የቀረው መመሪያ በሙሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት

መጀመሪያ ስለ መንገዱ ጠይቁ። ያለፉት ዓመታት ለክልላችን ቀላል አልነበሩም፤ የመንገድ ሁኔታ በሳምንት ውስጥ ይለወጣል። ባለፈው ወር ሄዶ የመጣ ዘመድ ያለውን ሳይሆን በዚያው ሳምንት በመንገዱ የተመላለሰ ሹፌር የሚላችሁን ስሙ፤ የምታድሩበትንም ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካላረጋጋችሁ ቀኑን አዛውሩት። እንግዳ ማረፊያ የሚሠሩ ሰዎች ለገበያቸው ሲሉ «ምንም የለም፣ ኑ» ሊሉ ስለሚችሉ አንድ ሰው ብቻ ጠይቃችሁ አትነሡ።

ሁለተኛው ወቅት ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ከሁሉም ይመረጣል። ዝናቡ አቁሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ዳርቻውን ሞልተውታል፣ ወባም እየቀነሰች ትሄዳለች። መስከረምና ጥቅምት ምድሩ አረንጓዴ፣ ሐይቁም የሞላ ስለሆነ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን የወባ ዋና ወቅት ነው። ትንንሽ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች በእነዚህ ወራት ባትሄዱ ይሻላል። ክረምቱ ለጀልባ አይሆንም፤ የመገጭ ወንዝ ሲሞላ የደምቢያ ሜዳ ራሱ ውሃ ይተኛበታል። የጥምቀት ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ስለምትጨናነቅ አልጋውም መኪናውም ይወደዳል፤ ከጥር 11 አንድ ሳምንት አሳልፋችሁ ሂዱ።

ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከወገራ የምትመጡ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በአንድ ቀን ጎርጎራ ደርሶ ማደር አድካሚ ነው። ሐሙስ ማታ ጎንደር ብታድሩ ዓርብን በእርጋታ ትጠቀሙበታላችሁ። ደግሞም የደጋ ሰው ናችሁና ልብሳችሁን አስቡበት። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጣና 1,800 አካባቢ ነው። ቀን ላይ ጋቢ አያስፈልግም፤ ማለዳ ጀልባ ላይ ግን ያስፈልጋል፤ በውሃ ላይ ያለው የንጋት ብርድ ከየብሱ ይብሳል።

ሻንጣችሁ ውስጥ እነዚህ አይቅሩ፦ እጅጌ ሙሉ ቀላል ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ለማታ፣ የራሳችሁ አጎበር፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ባርኔጣ፣ ነጠላ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጥሬ ብር። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ በቴሌብር ልትከፍሉት የማትችሉት ባለ ጀልባ ፊት ለፊታችሁ ይቆማል። ነዳጅም ከጎንደር ሞልታችሁ ውጡ።

የት ማደር

ዛሬ ጎርጎራ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው አዲሱን ሪዞርት ነው። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አነሣሽነት የተጀመረው ገበታ ለሀገር ሦስት ቦታዎችን ይዞ ተነሣ፤ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ። የጎርጎራው ተሠርቶ እንግዳ እየተቀበለ ነው። በሐይቁ ዳር ባለው ከፍታ ላይ የተዘረጉ ቪላዎች፣ የተነጠፉ መንገዶች፣ በየጠዋቱ ውሃ የሚጠጣ ሣር፣ በሥርዓት የተተከለ አበባ ታያላችሁ። ውበቱን አልክድም። አንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ በፈረቃ ውሃ ስትጠብቅ ለኖረች የጎንደር እናት ሣር ላይ ውሃ ሲረጭ ማየት ራሱ ዕረፍት ነው። ዋጋው ግን ለሁሉም ቤተሰብ አይደለም፤ ሳትደውሉ፣ ዋጋውን ከነግብሩ ሳትጠይቁ፣ ቁርስ ይጨምር እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትነሡ።

ከሪዞርቱ በፊትም ጎርጎራ እንግዳ ታሳድር ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ ጎንደሮች የሚያስታውሱት የመንግሥት የነበረው የወደቡ ሆቴል ሰፊ ግቢው እስከ ውሃው ድረስ የሚወርድ ነበር። በከተማዋም አነስተኛ ማረፊያዎች አሉ። እነዚህን ስትመርጡ ከሥዕላቸው ይልቅ የሚከተለውን ጠይቁ፦ የመስኮቱ ወንፊት ያልተቀደደ ነው? አልጋው አጎበር አለው? ማታ ጄኔሬተር እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ለመታጠቢያ የሚመጣው ውሃ ከየት ነው?

የሐይቅ ፊት ክፍል የሚባለው ዋጋው ይበልጣል፤ ተገቢ የሚሆነው ግን ለሁሉም አይደለም። ጎርጎራ ወደ ደቡብ የምታይ ስለሆነች ፀሐይ በግራችሁ ወጥታ በቀኛችሁ ትገባለች፤ በረንዳው ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ክፍል ንጋቱን ይሰጣችኋል። ልክ ውሃው ላይ የተንጠለጠለ በረንዳ ከሰዓት በነፋስ አያስቀምጥም፣ ማታ ደግሞ በትንኝ። ትንሽ ልጅ ያላችሁ ከዳርቻው ራቅ ያለውን ክፍል ምረጡ፤ ብሩንም ለጀልባ አትርፉት።

መንገዱ

ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዘዞን አልፋችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ትገነጠላላችሁ፤ በግማሹ ላይ የደምቢያ ዋና ከተማ ቆላ ድባ አለች። በራሳችሁ መኪና ከሄዳችሁ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ብትነሡ ሳትቸኩሉ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳላችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈባችሁ አትነሡ፤ በጨለማ በዚያ መንገድ መንዳት ለማንም አይመከርም፤ ከብትና ጋሪውም መብራት የላቸውም። በሕዝብ ማመላለሻ የምትሄዱ ከመናኸሪያ ቀደም ብላችሁ ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ መኪናው እየሳሳ ይሄዳል።

ሜዳው ላይ ስትወርዱ መስኮት ክፈቱ። የደምቢያ ዋልካ አፈር ጤፍና ሽምብራ የሚወድ ነው። ሽምብራው ዝናቡ ካቆመ በኋላ መሬቱ ውስጥ በቀረ እርጥበት ብቻ ይበቅላል፤ በታኅሣሥና በጥር እሸቱን በነዶ ይዘው መንገድ ዳር የሚሸጡ ልጆች ታገኛላችሁ። ግዙ። ልጆቻችሁ እየፈለፈሉ ሲበሉ መንገዱ ያልቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ጎንደርን በግራና በቀኝ የሚያዋስኗት ቀሃና አንገረብ ወርደው መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። የፋሲል መዋኛ በጥምቀት የሚሞላው በቀሃ ውሃ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ የምታዩት ሐይቅ ከየቤታችሁ ጓሮ የወረደ ውሃ አለበት። በቀበሌያችን ወንዝ ውስጥ የምንጥለው ፌስታልና ፕላስቲክም እዚያው ነው የሚሄደው። እንቦጭ የተባለው አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ሲታወቅ መጀመሪያ የታየው በዚሁ በሰሜኑ በኩል፣ በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር። አረሙ የሚፋፋው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ በሚገባ ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው።

ዓርብ ማታ

ገብታችሁ ሻንጣ ሳትፈቱ ሁለት ነገር አድርጉ፤ ለነገ ጠዋት ጀልባ ተነጋገሩ፣ አጎበራችሁን ስቀሉ።

ስለ አጎበሩ ሳላብራራ አላልፍም። ደምቢያና ወባ የቆየ ታሪክ አላቸው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲመሠረት አንዱ መነሻ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ቆላ ድባም ከአገሪቱ ቀዳሚ ጤና ጣቢያዎች አንዱ የተከፈተባት ሆነች። የደጋ ልጅ ደግሞ ወባን የመቋቋም ልምድ በሰውነቱ ውስጥ የለም፤ የቆላው ሰው ቀለል ብሎት ሊነሣበት የሚችል በሽታ የደጋውን ክፉኛ ሊጥለው ይችላል። ትንኟ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ፀሐይ ልትገባ ስትል ረጅሙን ልብስ ልበሱ፣ ቅባቱን በእጅና በቁርጭምጭሚት ላይ ተቀቡ፣ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ወትፉት። ሪዞርቱ ውድ ነው ብሎ ትንኝ አይቀርም።

ዓርብ ጾም ስለሆነ እራት በስልክ አስቀድማችሁ ብታዝዙ ይሻላል፤ በመጨረሻ ሰዓት የሚገኘው ፓስታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከእራት በኋላ በእግር ወደ ዳርቻው አትውረዱ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሣር ሊግጥ የሚወጣው ሌሊት ነው፤ በእርሱና በውሃው መካከል የቆመን ሰው አይምርም። የተከረከመው ሣር ለእርሱም ሣር ነው። ጥበቃዎቹ «ዛሬ ታይቷል» ካሉ እመኑአቸው። በሦስት ሰዓት ተኙ።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ጀልባው

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነሡ። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ በፌስታል ያዙ፤ ቁርስ ስትመለሱ ይደርሳል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባዋ ጋ ድረሱ።

ከዋጋ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ ስንት ላይፍ ጃኬት አለ? ቁጥሩ ከእናንተ ቁጥር ካነሰ፣ ወይም ለሕፃን የሚሆን ትንሽ ከሌለ፣ አትውጡ። ሌላ ጀልባ ጠይቁ። ጃኬቱን ወስዳችሁ ማሠሪያው እንዳልተበጠሰ እዩ፤ ከመቀመጫ ሥር ተቀምጦ የቀረ ጃኬት ማንንም አያድንም፤ እየለበሳችሁ ግቡ። ቀጥሎ ትርፍ ነዳጅና መቅዘፊያ መኖሩን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ዋጋ። ዋጋው በሰው ሳይሆን በጀልባ ይሁን፤ መሄጃ፣ መጠበቂያና መመለሻ ሁሉ የተካተተበት መሆኑን በግልጽ ተነጋገሩ፤ ግማሹን ከፍላችሁ የቀረውን ስትመለሱ ስጡ። ጀልባ የሚነዱት አብዛኞቹ ሐይቁን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ናቸው። «እንመለስ፣ ነፋስ እየመጣ ነው» ካሉ አትከራከሩ።

የት መሄድ እንዳለባችሁ የሚወስነው ከእናንተ ጋር ያለው ሰው ነው። ማንዳባ መድኃኔ ዓለም ለጎርጎራ ቅርብ የሆነ ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም። እህቶቻችንና እናቶቻችን ዳር ላይ ሆነው እንዲጠብቁ ማድረግ እኔ አልወደውም፤ ቤተሰብ ከሆናችሁ ይህን ለወንዶች ብቻ ጉዞ ትታችሁ ወደ ምዕራብ ሂዱ። በዚያ በኩል ማርያም ግንብ የምትባለው ፍርስራሽ አለች። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በአውሮፓ ሥርዓት ያሠሩት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጹ አበቦች ዛሬም ይታያሉ። ግድግዳው ላይ አትውጡ፤ ልጆችም አይውጡ። የቀረው ትንሽ ነው፤ የሚወድቅበትም ሰዓት አይታወቅም።

ወዲያው ሩቅ መሄድ ለማትፈልጉ ደግሞ ዳርቻውን እየተከተላችሁ ቀስ ብሎ መሄድ ይበቃል፤ ለእኔ እንዲያውም ይህ ይበልጣል። ሞተሩን እንዲያጠፉላችሁ ጠይቁ። ደንገሉ መካከል ወፍ ሲንጫጫ ይሰማል። ሻላዎች በመንጋ ተቀምጠው ታያላችሁ፤ ዓሣ በል ንስሩ ከዛፍ ጫፍ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮኽ ከሰማችሁት አትረሱትም። ታንኳ የያዘ ሰው ካገኛችሁ ሰላምታ ስጡ። ከደንገል የታሰረ ታንኳ መሥራት ከአባት ወደ ልጅ የወረደ የሐይቁ ሰዎች፣ በተለይም የነገደ ወይጦ፣ ጥበብ ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከየጉዞው በኋላ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

እንቦጭ የወረሰው ቦታ ካያችሁ አበባው ሐምራዊና ውብ ነው። ልጆች ነቅለው ሊያመጡት ይፈልጋሉ፤ ከልክሉ። ከሥሩ የተቆረጠች ቁራጭ ሌላ ቦታ ላይ ብትወድቅ ትበቅላለች፤ ፍሬውም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ጀልባዋ በአረሙ ውስጥ ካለፈች ሞተሩ ላይ የተጠመጠመውን ነጂው እዚያው እንዲያጸዳው ጠይቁት። በ2010 ዓ.ም. ገበሬው በእጁ ሲነቅል የዋለበትን አረም እኛ ለመዝናናት ሄደን ማሠራጨት የለብንም።

አራት ሰዓት ላይ ዳር ሁኑ።

ዋና የለም

ይህን ለብቻው የማነሣው ልጆች በጣም ስለሚለምኑ ነው። ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፤ እግራችሁንም ዳር ዳሩን ባለው አረም ውስጥ አትንከሩ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። በሽታውን የምታመጣው ትል በትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጋ ወደ ውሃው ትለቀቃለች፤ ከዚያ የሰው ቆዳ ስታገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ትገባለች። ቀንድ አውጣዎቹ የሚወዱት ደግሞ ልክ ልጆች የሚወዱትን ቦታ ነው፤ ጥልቀት የሌለውን፣ አረም ያለበትን፣ ሞቅ ያለውን ዳርቻ። መታጠቢያችሁ በቀጥታ ከሐይቁ የሚቀዳ ከሆነም አፍልታችሁ ተጠቀሙ። መዋኘት ካስፈለገ ገንዳ ያለው ማረፊያ ምረጡ። ገብቶ የተገኘ ልጅ ካለ አታስጨንቁት፤ ወዲያው በፎጣ አደራርቃችሁ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ሐኪም ጋ ወስዳችሁ አስመርምሩት፤ መድኃኒት አለው።

ምሳና ከሰዓት

ዓሣ የምሳ ምግብ ነው፤ ምክንያቱም ያው ጠዋቱ ነው። መረቡ የሚወጣው ማለዳ ስለሆነ ምሳ ላይ የቀረበው ዓሣ የዚያው ቀን ነው፤ እራት ላይ የምታዝዙት ግን ቀኑን ሙሉ በሙቀት የዋለ ሊሆን ይችላል። ከማብሰሉ በፊት ለማየት ጠይቁ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ቀረሶ ለልጆች ይመቻል፤ ሥጋው ከእሾሁ በቀላሉ ይላቀቃል። አምባዛ ቅባት ያለውና ለጉላሽ የሚሆን ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ጣፋጭ ቢሆንም ደቃቅ እሾህ ስላለው ለሕፃን አትስጡ። የነቢያት ጾም ከደረሰ ዓሣ የሚበላ ቤተሰብም፣ የማይበላም አለ፤ አስተናጋጁን ጠይቃችሁ ለየብቻ እዘዙ፤ ማንም ማንንም አያስጨንቅ።

ከምሳ በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ እናንተ ደግሞ ተኙ። ያ ሣር የተሠራው ለዚህ ሰዓት ነው። ዛፍ ጥላ ሥር ጋቢ አንጥፎ መተኛት፣ ሽማግሌዎችን ማጫወት፣ ቡና ማፍላት።

አሥር ሰዓት ላይ ከማረፊያችሁ አጥር ውጡ። ይህን አጥብቄ እላችኋለሁ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ አንድ ሰዓት ይበቃታል። ቡናችሁን እዚያ ጠጡ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ከዚያ ግዙ፣ የሚያስጎበኝ የአካባቢውን ልጅ ቅጠሩ። አጥሩ ውስጥ የምታወጡት ብር ርቆ ይሄዳል፤ ውጭ የሰጣችሁት በዚያው ምሽት ዘይትና ስኳር ይሆናል። ለልጆች ግን ብር በመንገድ አትበትኑ፤ መስጠት ከፈለጋችሁ ደብተርና እስክርቢቶ ይዛችሁ ለትምህርት ቤቱ አስረክቡ።

እግረ መንገዳችሁን ስለ ቦታው ለልጆች ንገሩ። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ከሱስንዮስ መናገሻዎች አንዱ እዚህ ነበር። ስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ ገብቶ ለንጉሡ ባለ ፎቅ ቤት ያሠራው፣ የአገሪቱንም ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጽፎ የጨረሰው፣ በ1622ም የሞተው በዚሁ በጎርጎራ አካባቢ ነው። የዓባይን ምንጭ በ1618 አይቶ የጻፈውም እርሱ ነው። ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን ካወጀ በኋላ አገር በጦርነት ተናወጠ፤ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፋሲልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። ልጆቻችሁ በየቀኑ በበሩ የሚያልፉት ግንብ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ውሃ ዳር ነው። ይህን መጽሐፍ ላይ ከማንበብ ይልቅ ነፋሱ ፊታቸውን እየመታው ሲሰሙት ይገባቸዋል።

እሑድ

እሑድ ጠዋት ደብረ ሲና ማርያም ሂዱ። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የምትታወቅ ደብር ናት፤ ሴቶችም ይገባሉ። ማስቀደስ የምትፈልጉ በሌሊት ተነሡ፤ ለማየት ብቻ የምትሄዱ ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠብቁ፤ በጸሎት መሐል እየዞሩ ግድግዳ ማየት ነውር ነው። ነጠላ ልበሱ፣ ጫማ አውልቁ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጠውን ክፈሉና ደረሰኝ ተቀበሉ። ሥዕሎቹ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ያሣሏቸውም የዐፄ ፋሲል እኅት መላኮታዊት ናቸው። መጋረጃው ሲገለጥ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቁሙ። የካሜራ ፍላሽ ቀለሙን ይጎዳል፤ ባታነሡ ይመረጣል። መሪጌታው ሲያስረዱ አትቸኩሉ፤ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ እርሳቸው ያውቃሉ።

ከዚያ ቁርስ፣ ሻንጣ፣ ሒሳብ። ያመጣችሁትን ፕላስቲክ ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ተመለሱ፤ እዚያ ብትጥሉት የሚገባበትን ታውቃላችሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ተነሡ፤ ወደ ደባርቅ የምትቀጥሉ ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብላችሁ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

ጉዞው እሑድ ማታ አያልቅም። ከተመለሳችሁ ከአንድ ሳምንት በኋላ ጀምሮ ባሉት ሳምንታትና ወራት ከእናንተ መካከል አንዱን፣ በተለይ ልጅን፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከፈለጠው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተዉት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ደጋ ላይ ያለ ሐኪም ወባን መጀመሪያ ላያስብ ይችላል፤ ስለዚህ ሳይጠይቃችሁ በፊት «ጎርጎራ አድረን ነበር» በሉት፤ ደሙንም እንዲመረምርለት ጠይቁ።